ትምህርቱን ቆም የሚያደርገው ማን ነው? የሒሳብ ማስተማሪያ ቴክኖሎጂ በኢትዮጵያ፣ ከ1957 ዓ.ም. እስከ ዛሬ

ለቡ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።



በትምህርት ቤቶቻችን የሒሳብን ትምህርት በቴክኖሎጂ ለማሻሻል የተደረገው ጥረት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከቴሌቪዥን እስከ ሳተላይት፣ ከሳተላይት እስከ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ እስከ እጅ ስልክ ድረስ ከስድሳ ዓመት ያላነሰ ታሪክ አለው። ይሁን እንጂ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ታሪኩ ከዚያ ቀን እንደጀመረ አድርገን እንናገራለን። በዚህም ምክንያት ቀደም ሲል የከፈልንበትን ትምህርት ደግመን እንከፍልበታለን። ዛሬ ይህንን ታሪክ በአንድ ጥያቄ መነሻነት ልመረምረው እወዳለሁ። ጥያቄው፦ ተማሪው ሲሳሳት ወይም ሳይገባው ሲቀር ትምህርቱን ቆም የማድረግ ሥልጣን የማን ነበር? የሚል ነው። በእኔ አመለካከት የእያንዳንዱን መሣሪያ ስኬትና ድካም ከዋጋው ወይም ከዘመናዊነቱ ይልቅ የዚህ ጥያቄ መልስ ይገልጠዋል።

ጥያቄው ለምን በሒሳብ ላይ እንደሚጠነክር ለመረዳት ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ወደነበረው ሥርዓት ጥቂት መለስ ማለት ይጠቅማል። በቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ ሒሳብ ቦታ ነበረው፤ ቦታውም ባሕረ ሐሳብ ነው። ተማሪው የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ለማውጣት በመጀመሪያ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ያካፍላል። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ5500 ላይ ተደምሮ 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። ከቀሪው ላይ 1 ተቀንሶ ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 29 ይወጣል። የሁለቱ ድምር 30 ነው። ድምሩ 30 ካልመጣ ስሌቱ አንድ ቦታ ላይ ተሰናክሏል ማለት ነው።

የስሌቱን ውበት ለሌላ ጊዜ ትተን አስተማሪነቱን እንመልከት። ተማሪው በጣቱ አንጓ እየቆጠረ ከመምህሩ ፊት ያሰላል። በተሳሳተበት ቦታ መምህሩ ያስቆመዋል፤ ይመልሰዋል፤ እንደገና ያስጀምረዋል። ሌላ ሰሌዳም ሆነ መሣሪያ አልነበረም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ ስሕተቱን የሚገልጥ ማመሳከሪያና ስሕተቱን ሰምቶ የሚያቆም ሰው። ይህ ሥርዓት ጥቂቶችን እንጂ ብዙኃኑን አያስተምርም ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት የመጣው ብዙኃኑን ለማስተማር ነው። ታሪካችንም በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ማለትም ብዙዎችን በመድረስና አንዱን በማስተካከል መካከል፣ ያለ ትግል ታሪክ ነው።

በ1950ዎቹ ዓመታት ሁለት ነገሮች በአንድነት መጡ። የመጀመሪያው የይዘት ለውጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ በምዕራቡ ዓለም የሒሳብ ትምህርት ከመሠረቱ እንዲከለስ ጥሪ ተነሣ። ይኸው ማዕበል እ.ኤ.አ. በ1962 ዩጋንዳ ውስጥ ኢንቴቤ ላይ አፍሪካ ደረሰ። በዚያ የተጀመረው የአፍሪካ ሒሳብ መርሐ ግብር ኢትዮጵያን ጨምሮ የበርካታ አገሮችን መምህራን ከአሜሪካና ከብሪታንያ ባለሙያዎች ጋር አሰባስቦ አዳዲስ መጻሕፍትን አዘጋጀ። ለእነዚህ መጻሕፍት የመምህሩ መምሪያ አብሮ መሰናዳቱ ሊታወስ ይገባል። አዘጋጆቹ መጽሐፉ ብቻውን እንደማያስተምር ተገንዝበው ነበር።

ሁለተኛው መሣሪያው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ከነበረው ስቱዲዮው ሥራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ፕሮግራም ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች መሠራጨት ያዘ። በሬዲዮም እንዲሁ ለትምህርት ቤቶች የሚተላለፉ ፕሮግራሞች እየተስፋፉ ሄዱ። በዚህ ዘመን መሣሪያው የመምህሩ አጋዥ ነበር። መምህሩ መምሪያውን አስቀድሞ ያነባል፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ክፍሉን ይረከባል። ቴሌቪዥኑ ቢበላሽ የሚጎድለው ማጣፈጫው ነው፤ እንጀራው ከመምህሩ እጅ አልወጣም።

በዚያው ዘመን ሁለት ሌሎች አገሮች ያካሄዷቸው ሙከራዎች ለእኛ ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ስለሆኑ አጠር አድርጌ አነሣቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ባለችው የሳሞአ ደሴት የትምህርት ቤቶች ትምህርት በቴሌቪዥን እንዲመራ ተደረገ። ምክንያቱ የሠለጠነ መምህር እጥረት ነበር። ዋናው ትምህርት ከስቱዲዮ ይመጣል፤ የክፍሉ መምህር ያንን ይከተላል። መጀመሪያ ላይ ዓለም አደነቀው። ነገር ግን መምህራኑ በሙያቸው እየበሰሉ ሲሄዱ፣ ተማሪዎቹም ከፍ ወዳሉት ክፍሎች ሲደርሱ፣ የስክሪኑ የበላይነት እየከበዳቸው መጣ። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ቴሌቪዥኑ ከዋና መምህርነት ወደ አጋዥነት ወረደ።

እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ኒካራጓ ውስጥ የአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከአገሪቱ መምህራን ጋር ሆነው ለታችኛዎቹ ክፍሎች የሬዲዮ ሒሳብ ትምህርት ጀመሩ። ሬዲዮ ከቴሌቪዥን ያነሰ መሣሪያ ነው፤ ሥዕል የለውም። የትምህርቱ አሠራር ግን ልዩ ነበር። ድምፁ ይጠይቃል፤ ዝም ይላል፤ ልጆቹ በአንድነት ጮኽ ብለው ይመልሳሉ ወይም ደብተራቸው ላይ ይሠራሉ፤ ከዚያም ድምፁ ትክክለኛውን መልስ ይነግራቸዋል። ሬዲዮው ሲያበቃ መምህሩ የቀረውን ጊዜ ይይዛል። እያንዳንዱ ትምህርት ከመሠራጨቱ በፊት በልጆች ላይ ይሞከርና በሳቱባቸው ቦታዎች ይታረም ነበር። በመጨረሻ በተደረጉት ፈተናዎች የሬዲዮው ተማሪዎች በተለመደው መንገድ ከተማሩት በልጠው ተገኙ። ከሁለቱ አገሮች ርካሽ መሣሪያ የያዘችው የተሻለ ፍሬ አገኘች፤ ምክንያቱም ዝምታው የትምህርቱ አካል ተደርጎ ተነድፎ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ትልቁ ሙከራ እንምጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርትን በር በሰፊው ከፈተ። የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በፍጥነት አደገ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ያ ጎርፍ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። መማሪያ ክፍል መገንባት የወራት ሥራ ነው፤ የሒሳብ መምህር ማፍራት ግን ዓመታት ይጠይቃል። ለሁለተኛ ደረጃ የሚፈለገው የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ከፍላጎቱ ጋር ፈጽሞ አልተመጣጠነም። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. የሰጠው መልስ የሳተላይት ትምህርት ነበር። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሺዎች የሚቆጠሩ የፕላዝማ ስክሪኖች በአገሪቱ በሚገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰቀሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ትምህርቶችም በሳተላይት ይተላለፉ ጀመር። ሒሳብ ከዋናዎቹ አንዱ ነበር።

ይህንን ሥርዓት የተማረበት ትውልድ «ፕላዝማ» ብሎ ይጠራዋል። አሁን በመምህርነት፣ በሐኪምነት፣ በመሐንዲስነት የሚያገለግሉ ብዙዎች በእርሱ ያለፉ ናቸው። ታሪክ ጸሐፊ በጎውንም ክፉውንም ማመዛዘን ይገባዋልና ከበጎው ልጀምር። ፕላዝማው በዋና ከተማ ላለውም፣ ከመንገድ ርቆ ላለውም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት አደረሰ። በአገራችን የትምህርት ታሪክ እንዲህ ያለ እኩልነት ቀድሞ አልታየም። ለሒሳብም በተለይ የሚሆን ጸጋ ነበረው። ሾጣጣ ቅርጽ በዝርግ ነገር ሲቆረጥ አንዴ ክብ፣ አንዴ ሞላላ መስመር እንደሚወጣው በጠመኔ ለማሳየት የሚቸገር መምህር፣ ስክሪኑ ላይ ቅርጹ ሲዞር ሊያሳይ ቻለ። ግራፍ ነጥብ በነጥብ ሲሣል ታየ። መምህር ጨርሶ በሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ፕላዝማው ከምንም ይሻል ነበር።

ክፉው ግን ከአሠራሩ የመነጨ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ደቂቃ ያህሉ የስክሪኑ ነበር። ለክፍሉ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል። ሥርጭቱ በቀጥታ በሳተላይት ስለሚመጣ ማቆምም፣ ወደ ኋላ መመለስም፣ ማዘግየትም አይቻልም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ፤ ነገ የሚቀጥለው ግን ያልታየው እንደታየ ተቆጥሮ ነው። ስክሪኑ «ይህንን ሥሩ» ይላል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ መልሱን ያሳያል። ፈጣኑ ተማሪ ይጨርሳል፤ መካከለኛው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣበታል፤ ደካማው መልሱን ይገለብጣል። ሥርዓቱን ያጠኑ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በየጊዜው ያነሧቸው ቅሬታዎች ተመሳሳይ ነበሩ፦ የፍጥነቱ ነገር፣ የእንግሊዝኛው ባዕድ አነጋገር፣ የመብራት መቆራረጥ፣ የመምህሩም ከአስተማሪነት ወደ አብሪና አጥፊነት መውረድ።

የቋንቋው ጉዳይ በተለይ ሊጤን ይገባል። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ተማሪ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ ተምሮ 7ኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር። በሌሎች አንዳንድ ክልሎች ደግሞ መሻገሪያው 9ኛ ክፍል ነበር። ስለዚህ ከእነዚህ ክልሎች የመጣ ተማሪ በአንድ መስከረም አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ይዘትና የማይቆም መምህር በአንድነት ገጠሙት። ቀድሞ በዚህ ሽግግር ላይ ድልድይ የሚሆነው የክፍሉ መምህር ነበር፤ በእንግሊዝኛ ጽፎ በአገሩ ቋንቋ ያፍታታለታል። ፕላዝማው ያንን ድልድይ ወደ መጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ገፋው።

ይህ ሁሉ ለሌሎችም ትምህርቶች ይሠራል ሊባል ይችላል። በከፊል እውነት ነው። ሒሳብ ግን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ የዛሬው እርምጃ በትናንቱ ላይ ይቆማል፤ የትናንቱ ስሕተትም ዛሬ ዝም ብሎ ይሠራል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ብዙ ተማሪዎች የሁለት ቁጥሮች ድምር በራሱ ሲባዛ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ከተደመሩት ጋር እኩል ይመስላቸዋል። 2 እና 3 ተደምረው 5 ይሆናሉ፤ 5 በራሱ ሲባዛ 25 ነው። 2 በራሱ 4፣ 3 በራሱ 9፣ ድምራቸው 13 ነው። 25 እና 13 እኩል አይደሉም። ይህንን ለተማሪው ለማሳየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ነገር ግን ስሕተቱን ለማሳየት በመጀመሪያ ደብተሩን ማየት ያስፈልጋል። ደብተሩን ያየ መምህር ክፍሉን አስቁሞ ያቃናዋል። ደብተሩን ያላየ ስክሪን በዚያ ስሕተት ላይ የሁለተኛ ደረጃ እኩልታዎችን፣ ከዚያም ካልኩለስን ይገነባል። ጎደሎው 12 የተባለው ቁጥር የት እንደጠፋ ሳያውቅ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይደርሳል።

በዚህ ላይ የጊዜው አቅጣጫ ችግሩን አከበደው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ እንዲመደቡ ተወሰነ። ይህም ማለት አገሪቱ በሒሳብ ላይ የተመሠረተ ትምህርት የምትፈልገው የሒሳብ መሠረት በሚንገዳገድበት ጊዜ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ ሙከራ በተቃራኒው አቅጣጫ ተካሄደ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ባዘጋጃቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ጥቂት የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሞከሩ። እዚህ ላይ የማቆም ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ የልጁ ሆነ። ልጁ እንደወደደ ይከፍታል፤ ይዘጋል፤ ይደግማል። ሆኖም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለሚያስተምር መምህር ብዙ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ያ ኮምፒውተር የሚረብሽ ዕቃ ሆኖ ታየ። ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር በቅጡ ያልተያያዘ፣ መምህሩም በቂ ዝግጅት ያላደረገበት ነበርና ከክፍል ይልቅ ከክፍል ውጭ ያገለግል ጀመር። ፕላዝማው መምህሩን በላዩ አለፈው፤ ላፕቶፑ ደግሞ በሥሩ አለፈው። ሁለቱም ከመምህሩ እጅ አልገቡም።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ አገሪቱ ወደ አሮጌውም ወደ አዲሱም መሣሪያ ተመለሰች። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቴሌግራሙ ሁሉም ሥራ ላይ ዋሉ። በዚያው ዓመት መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ አጸደቀ። ከወረርሽኙ የቀረልን ዋና ልማድ ግን የስልኩ ነው። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሒሳብ ትምህርትን በአማርኛም በእንግሊዝኛም በስልኩ ያያል፤ ያቆማል፤ ይደግማል። በዚህ በኩል ከፕላዝማው ትውልድ የተሻለ ዕድል አለው። ግን ደግሞ ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ መልሱን ከነእርምጃው የሚሰጥ መተግበሪያ በእጁ ነው። መልሱ ይደርሰዋል፤ የእርሱ ስሕተት የት እንደነበረ ግን ማንም አልጠየቀውም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ ጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ ነበሩ። ይህ ቁጥር የሁሉም ትምህርቶች ድምር ነው፤ ጦርነቱ፣ ወረርሽኙ፣ የፈተናው አሰጣጥ መለወጥ ሁሉ በውስጡ አለ። ስለዚህ በፕላዝማም ሆነ በሌላ መሣሪያ ላይ ብቻ ማላከክ ከታሪክ ሙያ ውጭ ነው። ነገር ግን ከ100 ተማሪዎች 97ቱ ያህል በ12 ዓመት ጉዟቸው መካከል አንድ ቦታ ላይ እንደወደቁ፣ ባቡሩም ሳይጠብቃቸው እንዳለፈ ይነግረናል። እዚህ ለቡ፣ መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር መስመር ጣቢያ ባለበት ሠፈር፣ ምሳሌው ሩቅ አይሆንም። ባቡር የሚጠቅመው ፈጣን በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚሳፈርበት ጣቢያ ላይ ስለሚቆምም ነው።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለውሳኔ ሰጪውም፣ ለርእሰ መምህሩም፣ ነገ ክፍል ለምትገቡት ዕጩ መምህራንም ምን ይላል? እኔ አራት ጥያቄዎችን አወጣበታለሁ። አዲስ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው።

አንደኛ፣ መምህሩ በፈለገበት ደቂቃ ሊያቆመውና ሊመልሰው ይችላልን? መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋስ? እ.ኤ.አ. በ2001 ኦስትሪያ ውስጥ የተጀመረው ጂኦጂብራ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለምሳሌ ያህል አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መምህሩ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር ግራፉን በእጁ እየጎተተ «አሁን ምን ይሆናል?» ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት ይችላል። ያ ዝምታ የኒካራጓው ዝምታ ነው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው የተማሪውን ሥራ ወደ መምህሩ ዓይን ያቀርባልን? የአንድን ተማሪ ደብተር በስልክ ፎቶ አንሥቶ ስም ሳይጠሩ በግድግዳ ላይ ማሳየትና ክፍሉን «እዚህ እርምጃ ላይ ምን ተፈጠረ?» ብሎ ማወያየት ከውድ ስክሪን የበለጠ የሒሳብ ትምህርት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ማፍታታት የሚቻልበት ጊዜ ተትቶለታልን?

አራተኛ፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ መምህሩ ትምህርቱን ቢያስቆም ቀጥሎ የሚለው ነገር አለውን? የማቆም ሥልጣን ያለ ዕውቀት ባዶ ነው። የፕላዝማው ዘመን ሰዎች የመምህር እጥረቱን ያዩት በትክክል ነበር። መልሱ ግን እጥረቱን በስክሪን ከመሸፈን አልፎ፣ ያንኑ ስክሪን መምህሩን ራሱን ለማሠልጠን ቢጠቀምበት ኖሮ፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ ሌላ ዓይነት የሒሳብ ክፍል እናይ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬም ዕድሉ አላለፈም።

ውድ ተማሪዎች፣ በተለይ በመምህርነት ለመሰማራት የምትዘጋጁ፤ ወደፊት በክፍላችሁ የሚገባው መሣሪያ ከእናንተ በላይ ብዙ የሚያውቅ፣ ፈጽሞ የማይደክም፣ በየቋንቋው የሚመልስ ይሆናል። አትፍሩት፤ አታምልኩትም። የተማሪውን ፊት አይታችሁ «ቆይ፣ እዚህ ጋ እንመለስ» የማለት ሥልጣናችሁን ግን ለማንም አትስጡ። ያ ቃል ከባሕረ ሐሳብ መምህር አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ የሒሳብ ትምህርት የቆመበት ቃል ነው።